ዲያሊስስ አልፈልግም ብል ራሴን እንደ መግደል ይቆጠርብኛል?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 73 ነው። ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፤ የምኖረው ሰሜን ሸዋ ውስጥ ባለች ትንሽ ከተማ ነው። ስኳርና ግፊት ከያዙኝ ብዙ ዓመት ሆኗል። ልብዎም ደክሟል ብለውኛል። አሁን ደግሞ ኩላሊትዎ ሥራ ወደ ማቆሙ ነው፣ ዲያሊስስ (ደምን በማሽን ማጣራት) ይጀምሩ ተባልኩ። አሜሪካ ያሉት ልጆቼ «ወጪውን እኛ እንችላለን፣ አዲስ አበባ ግባና ታከም» ይሉኛል። እኔ ግን ቤቴን፣ ቤተ ክርስቲያኔንና ጎረቤቶቼን ትቼ በማሽን መኖር አልፈልግም። ሞት ለማንም አይቀርም፤ እኔንም ያን ያህል አያስፈራኝም። እምቢ ብል ራሴን እንደ መግደል ይቆጠርብኛል?

መልስ፦ አባቴ፣ በሕክምናው በኩል አይቆጠርም። ምን እንደሚመርጥ ተረድቶ የሚወስን ሰው አንድን ሕክምና አልፈልግም ማለት መብቱ ነው። ሕይወቱን የሚወስደው በሽታው እንጂ እሱ አይደለም። የነፍሱን ነገር ከንስሐ አባትዎ ጋር ይምከሩበት። ሲሄዱ ግን «ሕክምና እምቢ አልኩ» ብለው ብቻ አይንገሯቸው። ዲያሊስሱ ምን እንደሚሰጥዎና ምን እንደሚወስድብዎ አብራርተው ያስረዷቸው።

ከመወሰንዎ በፊት ግን ሁለት ነገር ይጣራልኝ። በእርስዎ ዕድሜ ያለ ወንድ ፕሮስቴቱ አድጎ የሽንት መውጫውን ሊዘጋበት ይችላል። ሽንቱ መውጫ ሲያጣ ኩላሊት ይጎዳል፤ ይህ ደግሞ በጊዜ ከተደረሰበት የሚታከም ነው። አልትራሳውንድ ካልተነሱ ይነሱ። ሌላው የመንፈስዎ ሁኔታ ነው። እንቅልፍ ካጡ፣ ቀድሞ ደስ ይልዎ የነበረው ሁሉ ካስጠላዎ፣ ይህንንም ለሐኪምዎ ይንገሩት። ድባቴም መድኃኒት አለው። በድባቴ ውስጥ ሆኖ እንዲህ ያለ ውሳኔ መወሰን አይገባም።

ዲያሊስስ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት 3 ቀን ነው፤ በየቀጠሮው 4 ሰዓት ያህል ይወስዳል። ንቅለ ተከላ ለሚጠብቅ ወጣት ሕይወት አድን ነው፤ ዕድሜያቸው ገፍቶም ጀምረውት የበረቱ አሉ። ዕድሜው ለገፋና ልቡም ለደከመ ሰው ግን የሚጨምርለት ጊዜ ብዙውን ጊዜ ቤተሰብ ከሚጠብቀው ያንሳል። በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት በአረጋውያን መጦሪያ እያሉ ዲያሊስስ የጀመሩ ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። በዓመቱ ከግማሽ በላዩ ሞተዋል። ቀድሞ የነበራቸውን አቅም ይዘው የቆዩት ከ100 ሰው 13 ያህሉ ብቻ ናቸው። እነዚያ ከእርስዎ ይልቅ የደከሙ ስለነበሩ ቁጥሩን እንዳለ ለእርስዎ አልሰጥም። ብቻ ማሽኑ ጉልበት ይመልሳል ብሎ ለሚያስብ ልጅ ይህን ማወቁ ይጠቅመዋል።

ዲያሊስሱ ቢቀርም ሕክምናው አይቀርም፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። እግር ሲያብጥና ትንፋሽ ሲያጥር ሽንት የሚያሸና መድኃኒት አለ። ለማቅለሽለሹ፣ ለማሳከኩ፣ ለደም ማነሱም መላ አለው። ጨው ይቀንሱ። ለጉልበትና ለወገብ ሕመም ብለው ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ከፋርማሲ ገዝተው እንዳይወስዱ፤ የቀረችዎትን ኩላሊት ይጨርሷታል። ኢንሱሊን የሚወጉ ከሆነ ደግሞ ይህን ልብ ይበሉ። ኩላሊት ሲደክም ኢንሱሊኑ ሰውነት ውስጥ ይቆያል፤ የድሮው መጠን ሊበዛብዎ ይችላል። ድንገት ካላበዎት፣ እጅዎ ከተንቀጠቀጠ ወይም ዓይንዎ ከጨለመ ቶሎ ስኳር በውኃ በጥብጠው ይጠጡ። ከዚያ መጠኑ እንዲስተካከልልዎ ሐኪምዎ ዘንድ ይሂዱ። ወደ መጨረሻው ሕመም ቢበረታ ሞርፊን አለ፤ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ግን መጠኑን ሐኪም አይቶ ነው የሚያዘው።

ምን ያህል ጊዜ ቀረኝ ብለው ሐኪምዎን በግልጽ ይጠይቁት። ወራት ይሁን ከዓመት በላይ፣ የሚያውቀው ምርመራዎን የያዘው ሐኪም ነው። እኛ አገር ይህን ጥያቄ ታማሚው እንዳይጠይቅ ቤተሰብ ይከላከላል፤ እኔ ግን መልሱ የእርስዎ ነው እላለሁ። ሐሳብዎ መሃል መንገድ ላይ ቢቀየርም ነውር የለበትም። ለአንድ ሁለት ወር ዲያሊስሱን ሞክሮ፣ ካልተስማማ ማቆምም ይቻላል። ይህን ግን ቀድመው ከሐኪምዎ ጋር ይነጋገሩበት፤ ጊዜ ካለፈ አይሆንም።

ልጆችዎ የሚጨነቁት ስለሚወዱዎት ነው። ከሩቅ ሆኖ አባቱ ሲደክም የሚሰማ ልጅ ገንዘብ ከመላክ ሌላ የሚያደርገው ይጠፋዋል። በሚቀጥለው ቀጠሮዎ ደውለው ስልኩን ስፒከር ላይ ያድርጉትና ሐኪሙ ራሱ ያስረዳቸው። ያኔ እርስዎ እነሱን ለማሳመን አይደክሙም። አእምሮዎ ቢዝል በእርስዎ ፋንታ የሚናገር አንድ ሰው ይምረጡ፤ ማን እንደሆነም ሁሉም ይወቁ። የመምጣት ሐሳብ ካላቸውም ለቀብር አይጠብቁ። ለማሽኑ ያሰቡትን ገንዘብ ለቲኬት ያድርጉትና እርስዎ ተቀምጠው ማውራት በሚችሉበት በዚህ ጊዜ ይምጡ።