ርካሽ ሌቨር አክሽን ፈላጊዎች፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን፣ የምኖረው ቴክሳስ ነው። አንድ 357 ማግነም ሪቮልቨር አለኝ፣ ሬንጅ ላይ ብቻ ነው የምተኩስበት። አሁን ደሞ በዛው ጥይት የሚሠራ፣ ያ ከስር ያለውን እጀታ ወደታች ወደላይ እያረክ የምታቀባብለው ሌቨር አክሽን ሚሉት ጠመንጃ በጣም አምሮኛል። ሱቅ ሄጄ ሳይ ግን አንዱ 700 ዶላር አካባቢ ሌላው 1200 እና ከዛ በላይ፣ ለኔ አይን ሁሉም አንድ ናቸው። ከሺህ ዶላር በላይ ማውጣት አልችልም። ርካሹን ብገዛ ይቆጨኛል? ወይስ ያገለገለ ልፈልግ? ጓደኛዬ ደሞ 357 ምን ያረግልሃል 44 ግዛ እያለ ያምታታኛል።

መልስ፦ ወንድሜ የካሊበሩን ነገር እኮ አንተው መልሰኸዋል፣ እቤትህ 357 ሪቮልቨር ካለ 357 ግዛ፣ አለቀ። 44 ማግነምን አልጠላሁትም፣ ትልልቅ አውሬ ለሚያድን ሰው ልክ ነው፣ ግን ጥይቱ ውድ ነው፣ ቀላል ጠመንጃ ላይ ሲሆን ደሞ ትከሻህን ያስታውስሃል፣ አንተ ያልከኝ ግን ሬንጅ ሄጄ ኢላማ ልምታ ነው። 357 የገዛ ሰው 38 ስፔሻልም መተኮስ ይችላል፣ ምክንያቱም 357 በ1935 ሲወጣ የተሠራው የ38 ስፔሻልን ቀለሃ ከ3 ሚሊሜትር በትንሹ በለጥ አርጎ በማስረዘም ነው። ያስረዘሙትም ኃይለኛው ጥይት በስህተት የድሮ 38 ሪቮልቨር ውስጥ እንዳይገባ ብለው ነው። ስለዚ 357 ጠመንጃ 38ን ይጎርሳል፣ 38 ግን 357ን አይጎርስም፣ ይሄን አትገልብጠው።

ሌላው ጥቅሙ የበርሜሉ ርዝመት ነው። ባለ 158 ግሬኑ (ግሬን የአረር ክብደት መለኪያ ነው) የ357 አረር ከ4 ኢንች ሪቮልቨር ሲወጣ በሰከንድ 1200 ጫማ ገደማ ነው የሚሮጠው፣ ከ20 ኢንች በርሜል ሲወጣ ግን 1700ን አልፎ ይሄዳል፣ ባሩዱ ለመግፋት ጊዜ ያገኛል፣ እንደ ሪቮልቨር ደሞ ጥይት በሚይዘው ቀፎና በበርሜሉ መሀል የሚያፈተልክ ጋዝ የለም። 38 ስፔሻል ላይ ይሄን ያህል ልዩነት አታይም ግን በረጅም በርሜል ድምፁ ለስለስ ይላል፣ ትከሻ ላይ የሚመታው ምትም የለም ማለት ይቻላል፣ ቀኑን ሙሉ ብትተኩስ አትደክምም። ከ100 ያርድ በላይ ግን ብዙ አትጠብቅ፣ ያው የሽጉጥ ጥይት ነው፣ ከዛ በኋላ ቶሎ ይወርዳል።

አንድ ጥይት ለሽጉጥም ለጠመንጃም የሚለው ሀሳብ አዲስ እንዳይመስልህ። ዊንቸስተር በ1873 ጠመንጃውን በ44-40 ጥይት አወጣ፣ ኮልት ደሞ ከጥቂት አመት በኋላ ሪቮልቨሩን በዛው ጥይት ሠራው፣ ሰዉም አንድ ዝናር ታጥቆ ሁለቱንም ያጎርስ ነበር።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ባንተ በጀት አዲስ ከፈለክ በብዛት የምታገኘው ሮሲ 92 ነው፣ ብራዚል ነው የሚሠራው። እዚ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ርካሽ ነው ስለዚ ደካማ ነው ብሎ ነው፣ ይሄ ጠመንጃ እኮ ጆን ብራውኒንግ ለዊንቸስተር የነደፈው የ1892ቱ ሞዴል ቅጂ ነው፣ ከኋላ ቦልቱን (ጥይቱን ከኋላ የሚዘጋውን ብረት) ግራና ቀኝ የሚቆልፉ ሁለት ወፋፍራም ብረቶች አሉት፣ ከ1873ቱ መታጠፊያ ያለው አሠራር ጋ ሲወዳደር ጥንካሬው ሌላ ነው፣ እንደውም ሮሲ ይሄንኑ ንድፍ ተጠቅሞ በ454 ካሱል ሁሉ ሠርቶታል፣ 454 ማለት ደሞ 44 ማግነምን የሚያስንቅ ጥይት ነው። እና 357 ምንም አያረገውም።

ታዲያ ርካሽነቱ የቱ ጋ ነው ካልክ አጨራረሱ ላይ ነው። ስታቀባብለው ይሻክራል፣ ጎን ላይ ያለችው ማጉረሻ በር ጠንካራ ናት ጠርዟም አውራ ጣት ትልጣለች፣ ቀለሃ የሚያስፈነጥረው ስፕሪንግ ከሚገባው በላይ ኃይለኛ ስለሆነ ባዶ ቀለሃውን የት እንደወረወረው ፈልገህ አታገኘውም፣ ከበርሜሉ ስር ጥይት የሚደረደርበት ቱቦ ውስጥ ጥይቱን የሚገፋው ነገር ደሞ ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ ነው፣ ቦልቱ ላይ የተጨመረችውን ሴፍቲም የሚወዳት ሰው አላጋጠመኝም። ይሄ ሁሉ ግን የሚስተካከል ነገር ነው። ቀለል ያለ ስፕሪንግና የብረት ገፊ በትንሽ ብር ይሸጣል፣ ሻካራነቱ ደሞ እንደ አዲስ ጫማ ነው፣ በተኮስክ ቁጥር እየለሰለሰ ይሄዳል። በሌላ በኩል ባለ 16 ኢንች በርሜሉ ሮሲ 5 ፓውንድ አካባቢ ብቻ ነው የሚመዝነው፣ ይሄን ሄንሪ የሚባለው ሌላው ጠመንጃ አይሰጥህም።

ሄንሪ ቢግ ቦይ ስታቀባብለው ቅቤ ነው፣ እውነት ለመናገር ሁለቱን ጎን ለጎን ከያዝክ ልብህ ወደሱ ነው የሚያደላው። ግን በጀትህን ሊያልፍ ይችላል፣ የነሀሱ ሞዴል ደሞ ከ8 ፓውንድ በላይ ነው፣ በጫካ ይዘኸው ዙር ብልህ ታማኛለህ። የድሮዎቹ ቢግ ቦይ ደሞ ጎን ላይ ማጉረሻ የላቸውም፣ ቱቦውን ከፊት ከፍተህ ነው የምትሞላው፣ ያገለገለ ካገኘህ እሱን አይተህ ግዛ። ስኮፕ (ማነጣጠሪያ መነጽር) መግጠም ካማረህ ግን ሄንሪና ማርሊን የሚባለው ጠመንጃ ይሻላሉ ምክንያቱም ቀለሃውን ወደ ጎን ነው የሚጥሉት፣ ሮሲ ወደላይ ስለሚያስፈነጥር ስኮፑ መንገድ ይዘጋበታል። ለኔ እንዲ አይነት ጠመንጃ ላይ ስኮፕ መጫን ራሱ ውበቱን ማጥፋት ነው፣ አይኑ የደከመ ሰው ከሆነ ግን አልፈርድም።

ያገለገለ ማርሊን 1894 የሚፈልግ ሰው የተሠራበትን ዘመን ይጠይቅ። ሬሚንግተን ማርሊንን በ2007 ገዛው፣ ቆይቶ ሥራውን ከኮኔቲከት ወደ ኒውዮርክ አዞረው፣ የድሮዎቹ እጆች አብረው አልሄዱም፣ በዛን ሰሞን የወጡት ላይ የተጣመመ ማነጣጠሪያ፣ ክፍተት ያለው እንጨት ምናምን ብዙ ተወርቷል። ሬሚንግተን በ2020 ሲከስር ማርሊንን ሩገር ወሰደው፣ አሁን ሩገር የሚያወጣቸው ጥሩ ናቸው ግን ዋጋቸው ካንተ ሺህ ዶላር በላይ ነው። በርሜሉ ላይ ጄኤም የሚል ማህተም ያለባቸው የድሮዎቹ ተፈላጊ ናቸው፣ ሻጩም ይሄን ስለሚያውቅ ዋጋውን ሰቅሎ ነው የሚጠብቅህ። ስሙን አሳደህ 1200 ከፍለህ ከምትገባ አዲስ ሮሲ ገዝተህ በተረፈው ጥይት ብትገዛ ይሻልሃል ባይ ነኝ።

ያገለገለም ሆነ አዲስ እጅህ ላይ ሳይዙ መክፈል ልክ አይደለም። መጀመሪያ ባዶ መሆኑን አንተም ሻጩም እዩ። ከዛ እጀታውን ቀስ ብለህ አንዴ፣ ፈጠን አርገህ ደሞ አንዴ አቀባብለው፣ የሚይዝበት ቦታ ካለ ይታወቅሃል። ሀመሩን ሙሉ በሙሉ ወደኋላ ስበህ ምላጩን ሳትነካ በአውራ ጣትህ ወደፊት ግፋው፣ መውደቅ የለበትም፣ ከወደቀ ጠመንጃውን መልስለትና ሂድ። የብሎኖቹ ጭንቅላት ተበልቶ ከሆነ የማይችል ሰው ፈቶታል ማለት ነው። የበርሜሉን ውስጥ በመብራት እይ፣ የአፈሙዙ ጫፍ ከተጎዳ አነጣጥሮ መምታት የለም። ሻጩ ከፈቀደ የልምምድ ጥይት (ባሩድ የሌለው) አጉርሰህ እያቀባበልክ ሁሉንም አውጣቸው። የድሮ ማርሊን ከሆነ ደሞ ጥይት ወደላይ የሚያነሳው ማንኪያ ነገር ከስሩ መበላት አለመበላቱን እይ፣ ሲበላ ሁለተኛ ጥይት ከቱቦው ሾልኮ ይገባና መላው ነገር ድርቅ ይላል፣ የታወቀ የማርሊን በሽታ ነው፣ ይጠገናል ግን ዋጋው ላይ አስቀንስበት።

ኢንተርኔት ላይ ቅናሽ አይተህ ከሆነ ደሞ ጠመንጃው ፈቃድ ያለው ሱቅ ድረስ ነው የሚላከው፣ እቤትህ አይመጣም፣ መላኪያውን፣ ታክሱን፣ ሱቁ ለማስተላለፍ የሚጠይቅህን ሂሳብ ስትደምረው አንዳንዴ ያ ቅናሽ እዛው ያልቃል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ሮሲ 92 በ357 ገዝቷል፣ እኔም እየተማርኩበት ነው። ኮሎምበስ ኦሃዮ ነን። 38 ስናጎርሰው አንዳንዱ መሀል ላይ ተንጋዶ ይቀራል፣ 357 ሲሆን ግን ችግር የለውም። ጠመንጃው ተበላሽቶ ነው? ደሞ በዚ ጠመንጃ አጋዘን ማደን ይቻላል ወይ?

መልስ፦ እህቴ፣ 357ቱን ያለችግር ካጎረሰ ጠመንጃው ተበላሽቷል ለማለት ይቸግራል። መጀመሪያ የጥይቱን ሳጥን እዪው፣ ፊቱ ጠፍጣፋ ሆኖ ከቀለሃው አፍ ጋ እኩል የሆነው ዋድከተር የሚባለው ከሆነ በቃ እሱ ነው፣ በጣም አጭር ስለሆነ ማንሻው ላይ በትክክል አይቀመጥም። 158 ግሬን ሆኖ ጫፉ ክብ ወይ ትንሽ ጠፍጠፍ ያለውን ሞክሪ፣ አብዛኛውን ጊዜ ይሄ ብቻ ይበቃል። ሁለተኛው ደሞ እጅ ነው፣ አዲስ ሰው ጠመንጃው እንዳይጎዳ ብሎ እጀታውን ሲያባብለው ነው ጥይት የሚንጋደደው፣ ሙሉ በሙሉ ወደታች፣ ሙሉ በሙሉ ወደላይ፣ ሳትፈሪ። ሲያዝ አፈሙዙ ወደ ኢላማው እንደዞረ ጣትሽ ከምላጩ ወጥቶ ነው የምትፈቺው፣ ዞር ብለሽ ባለቤትሽን እያሳየሽ አይደለም።

38 ብዙ ከተኮሳችሁ በኋላ ጥይቱ ገብቶ የሚተኮስበትን ቤት በደንብ አጽዱት፣ አጭሩ ቀለሃ ፊት ለፊት ጥላሸት ቀለበት ሠርቶ ይቀመጣል፣ ከዛ 357 ስታስገቢ ይጠብቃል አልወጣም ይላል። ብሎኖቹንም አልፎ አልፎ ነካ ነካ አርጉ፣ ይላላሉ። ሹል ጫፍ ያለው አረር ግን በጭራሽ፣ ቱቦው ውስጥ ጥይቶቹ አንዱ ከአንዱ ኋላ ስለሚደረደሩ ሹሉ የፊተኛውን ፕራይመር (ቀለሃው ስር ያለውን ማቀጣጠያ) መቶ ቱቦው ውስጥ ሊያፈነዳው ይችላል። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ጫፉ ለስላሳ ጎማ የመሰለ ጥይት አለ፣ እሱ ችግር የለውም።

ስለ አጋዘኑ፣ ኦሃዮ ለአጋዘን የምትፈቅደው ቀለሃቸው ቀጥ ያሉትን ጥይቶች ነው፣ ከ357 እስከ 50 ካሊበር፣ ስለዚ የናንተው ይገባል። ግን ቱቦው 8 ወይም 10 ስለሚይዝ ሞልታችሁ እንዳትወጡ፣ አጋዘን ስታድኑ ቤቱም ቱቦውም ተደምሮ ከ3 ጥይት በላይ ማጉረስ አይቻልም። የአደን ፈቃድ፣ የአጋዘን ፐርሚት፣ ብርቱካናማ ሰደርያ ሁሉም ያስፈልጋል፣ ደንቡን ደሞ በየአመቱ አዲሱን አንብቡ። በ38 አጋዘን አትተኩሱ፣ እንስሳውን ማሰቃየት ነው። 357 ሆኖ 158 ወይ 180 ግሬን ለአደን የተሠራ አረር፣ ርቀቱም 75 ያርድ ገደማ ቢሆን ደስ ይለኛል፣ ከ100 በላይ ከሆነ ይቅርባችሁ።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ ገፍቷል ልጆቼ፣ ቨርጂኒያ ነው ያለሁት፣ ያለኝ ግሪን ካርድ ነው። አንድ እንዲህ ያለ ጠመንጃ ብገዛ ሕጉ ይፈቅድልኛል? የወንድሜ ልጅ ደግሞ በተማሪ ቪዛ ነው የመጣው፣ እሱም ይፈልጋል፣ በኔ ስም ብገዛለትስ?

መልስ፦ ጋሼ እርስዎ ይችላሉ። የፌደራል ሕጉ ግሪን ካርድ ያለውን ሰው እንደ ዜጋ ነው የሚያየው፣ ሌላ የሚከለክልዎ ነገር ከሌለ። ሱቁ ውስጥ 4473 የሚባል ፎርም ይሞላሉ፣ ግሪን ካርድዎ ላይ ያለው ቁጥር ይጠየቃል፣ አሁን ያሉበት አድራሻ የተጻፈበት መታወቂያ ይያዙ፣ አድራሻዎ የድሮ ከሆነ አስቀድመው ያስቀይሩት፣ ብዙ ሰው እዚሁ ላይ ነው የሚመለሰው። ሱቁ የሚያስደርገው የጀርባ ታሪክ ማጣሪያ አንዳንዴ በደቂቃ ያልቃል፣ አንዳንዴ ቆይ ይላሉ፣ ስም ከሌላ ሰው ጋር ሲመሳሰል ያጋጥማል፣ አይደንግጡ። ወደ ሌላ ስቴት የሚዛወሩ ከሆነ ግን የዛን ስቴት ሕግ ይጠይቁ፣ ካሊፎርኒያ 10 ቀን ያስጠብቃል፣ ኢሊኖይ የራሱ የጠመንጃ ባለቤት ካርድ አለው።

የወንድምዎ ልጅ ነገር ግን አይሆንም ጋሼ። ፎርሙ ላይ ትክክለኛው ገዢ እርስዎ ነዎት ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ ለሌላ ሰው እየገዙ አዎ ብለው ከፈረሙ ወንጀል ነው፣ በ2022 የወጣው ሕግ ደግሞ ለእንዲህ ያለ ግዢ እስከ 15 አመት እስር ነው ያስቀመጠው። በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው መግዛት ብቻ ሳይሆን መያዝም ተከልክሏል፣ ሬንጅ ወስደው የርስዎን ጠመንጃ ቢያስተኩሱት እንኳን ችግር ውስጥ ይገባል፣ ግሪን ካርድዎንም አደጋ ላይ ይጥሉታል። የታወቁ ልዩ ሁኔታዎች አሉ፣ አንዱ ከስቴት የወጣ ያላለፈበት የአደን ፈቃድ መያዝ ነው፣ ልጁ በጣም ከፈለገ የአደን ትምህርቱን ወስዶ ፈቃዱን ያውጣ፣ ከዛም የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳያማክር ምንም እንዳይነካ።

ለርስዎ ግን ትከሻዎ እንዳይጎዳ 357 ገዝተው 38 ይተኩሱበት፣ ባለ 20 ኢንች በርሜሉን ይውሰዱ፣ ማነጣጠሪያው ከአይን ስለሚርቅ ለማየት ይቀልዎታል።