ወንድሜ ፖሊስን ቢከስ ኃጢአት ይሆንበታል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ወንድሜ አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ ታክሲ ይነዳል። ጥቁር በመሆኑ ብቻ ፖሊስ ደጋግሞ ያስቆመዋል። ባለፈው መሬት ላይ አስተኝተው በካቴና ካሰሩት በኋላ "ሌላ ሰው መስለኸን ነው" ብለው ለቀቁት። ልክሰስ ሲል እናታችን "ሥልጣን ከእግዚአብሔር ነው፣ ተወው" አሉት። ቢከስ ኃጢአት ነው?

መልስ፦ አይደለም እኅቴ። እናታችሁ ይህን ያሉት ለልጃቸው ፈርተው ነው፣ አልፈርድባቸውም።

"ሌላ ሰው መስለኸን" የሚለውን ሳነብ ትዝ ያለኝ ቅዱስ ጳውሎስ ነው። የሐዋርያት ሥራ 21ን አንብቢው። ሕዝቡ ኢየሩሳሌም ላይ ሲደበድበው የሮም ሻለቃ ደረሰ፤ ግን በሁለት ሰንሰለት ያሳሰረው ተደብዳቢውን ነው! ያ ዓመፅ ያስነሣው ግብፃዊ መስሎታል። ምዕራፍ 22 ላይ ሊገርፉት ሲያስሩት ጳውሎስ ዝም አላለም፣ የሮምን ዜጋ ያለ ፍርድ መግረፍ ተፈቅዶላችኋል ወይ ብሎ ጠየቃቸው። እናታችሁ የጠቀሱትን ሮሜ 13ን የጻፈውም ይኸው ጳውሎስ ነው።

ስለዚህ ይክሰስ፣ ግን በማስረጃ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የፖሊሱን መለያ ቁጥር፣ ያየ ሰው ካለ ስሙን ዛሬውኑ ይጻፍ። ጠበቃም ያማክር። እዚያው ከተማ፣ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 17 ቀን 2012፣ ጥቁር አሜሪካዊው ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ እጅ ሲሞት፣ ፖሊስ መጀመሪያ ያወራው ስለ ጤና እክል ነበር። ፖሊሱ ከ9 ደቂቃ በላይ አንገቱ ላይ መንበርከኩን ዓለም ያየው አንዲት የ17 ዓመት ልጅ ንቅንቅ ሳትል በስልኳ ስለቀረጸች ነው። ፖሊሱ 22 ዓመት ተኩል ተፈረደበት። በ2014 ደግሞ የሚኒሶታ ግዛት የሰብአዊ መብት መሥሪያ ቤት መርምሮ የከተማው ፖሊስ በዘር እንደሚያዳላ አስታውቋል። ወንድምሽ ብቻውን አይደለም።

በልቡ ግን ይቅር ይበላቸው። ይቅር ማለቱ ክሱን አያስቀረውም፤ ክሱ ነገ ሌላው ልጅ እንዳይታሰር ነው።

ደግሞ እኛም አለንበት። ድሬዳዋ፣ ከፊራ ገበያ ውስጥ አንዲት ሴት ስልኬ ጠፋ ብላ ስትጮህ ሰው ሁሉ የዞረው ወደ አንድ ኩሊ ልጅ ነበር። ከገጠር የመጣ ነው፣ አማርኛም ብዙ አይችልም። ኪሱን ገለበጡት፣ ግማሽ ዳቦ ወደቀ። ስልኩ በኋላ ከዘንቢሏ ሥር፣ ከቲማቲሙ በታች ጠራ። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር፣ "ለምን እሱን?" አላልኩም። ልጁ ዳቦውን አንሥቶ አራግፎ ሄደ። ይህንን ለንስሐ አባቴ ተናግሬያለሁ።

የወንድምሽን የክርስትና ስም ላኪልኝ፣ በጸሎት አስበዋለሁ።