የአዲዳስ መሥራች ጫማ ሰፊ ነበርን?

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር፣ ወጣቶች ማለዳ ማለዳ ልምምድ ከሚሠሩበት ከጣና ዳር ብዙም ሳልርቅ ጫማ በመስፋትና በመጠገን የምተዳደር ሰው ነኝ። ሶሉ ለቅቆ ወይም ጎኑ ተቀድዶ ከሚመጣልኝ የሩጫ ጫማና ታኬታ ብዙው ባለ ሦስት መስመር ነው። ደንበኞቼ «የአዲዳስ መሥራችም እንዳንተ ጫማ ሰፊ ነበር» ይሉኛል፤ ስሙም ከእንግሊዝኛ ቃላት ተቆርጦ የተቀጠለ ነው ይላሉ። እውነቱን ብታስረዱኝ።

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ስለ ስሙ የነገሩዎት ስሕተት ነው። ስሙ የባለቤቱ ነው፤ አዶልፍ ዳስለር «አዲ» እየተባለ ይጠራ ስለ ነበር፣ ይህን ከቤተሰቡ ስም መነሻ ጋር አጋጥሞ ድርጅቱን እ.ኤ.አ. በ1949 አስመዘገበ።

አዲ በ1900 በጀርመን፣ ሄርትሶገንአውራኽ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ የጫማ ፋብሪካ ሠራተኛ ሲሆኑ እናቱ የሰው ልብስ በማጠብ ይተዳደሩ ነበር። ዳቦ ጋጋሪነት ቢማርም ልቡ ወደ ስፖርት ስላደላ፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእናቱ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ጫማ መሥራት ጀመረ። ቆዳ በጠፋበትና መብራት በሚቆራረጥበት በዚያ ዘመን፣ ከጦሩ ከተረፈው ዕቃ ቆዳ እየለቀመ፣ የቆዳ መሥሪያ ማሽኑንም ከብስክሌት ጋር አያይዞ በፔዳል ያሠራው ነበር፤ ወስፌና ክር ይዘው መብራት ሳይጠብቁ ለሚሠሩት ለእርስዎ ይህ እንግዳ አይሆንብዎትም። ወንድሙ ሩዶልፍ ተጨምሮ በ1924 የጋራ ፋብሪካ አቋቋሙ።

እኔ ከሁሉ አስበልጬ የማደንቅለት፣ ራሱ ስፖርተኛ በመሆኑ እያንዳንዱ ስፖርት የራሱ ጫማ ያስፈልገዋል ብሎ ማመኑን፣ ሯጮችንም በልምምድ ቦታቸው ተገኝቶ እያየና እየጠየቀ መሥራቱን ነው። ሊና ራድከ በ1928 በአምስተርዳም ኦሊምፒክ የ800 ሜትር ወርቅ ያገኘችው በዳስለሮች ስፓይክ (ከሶሉ ሥር ሹል ጥርስ ባለው የሩጫ ጫማ) ሲሆን፣ ጄሲ ኦውንስም በ1936 በርሊን ላይ አራት ወርቅ ሲያጠልቅ የእነርሱን ጫማ አድርጓል። በ1933 ሁለቱም ወንድማማቾች የናዚ ፓርቲ አባል መሆናቸውም የታሪካቸው ክፍል ስለ ሆነ ሊታለፍ አይገባም። ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ ተጣልተው በ1948 ተለያዩ፤ ሩዶልፍ ፑማን መሠረተ። በ1954 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ የስዊዘርላንዷ የበርን ከተማ በዝናብ ስትጨቀይ፣ የጀርመን ተጫዋቾች ጥርሱ እየተፈታ የሚቀየር የአዲን ታኬታ ተጫምተው ሀንጋሪን 3 ለ 2 አሸነፉ።

አዲ በ1978 አረፈ። የእኛዋ ትግስት አሰፋ በ2023 በርሊን ላይ በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ የሴቶችን ማራቶን የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረችበት የዚሁ ድርጅት ጫማ ክብደቱ 138 ግራም ያህል ብቻ ነበር።

ጫማ ሰፊነቱን በተለይ ስለ ጠየቁ፦ አዎን፣ ስፌቱን ከአባቱ ቤት ነው የለመደው። ሆኖም በ1932፣ የፋብሪካ ባለቤት ከሆነና ጫማው በኦሊምፒክ ወርቅ ካስገኘ በኋላ፣ ፒርማዘንስ በምትባለው ከተማ ወደሚገኝ የጫማ ሙያ ትምህርት ቤት ሄዶ ተማሪ ሆኖ ተመዝግቧል።