ሞገድ ተምሬ ምን ሥራ አገኛለሁ?

ጥያቄ፦ የ3ኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪ ነኝ። የሞገድ ትምህርት በጣም እወዳለሁ። አቶም የሚያሳዩ ማይክሮስኮፖችን ካወቅሁ ወዲህ ደግሞ ልቤ እዚያ ቀርቷል። ጓደኞቼ ግን "ፊዚክስ ሥራ የለውም፣ ወደ ኮምፒውተር ሳይንስ ቀይሪ" ይሉኛል። ምን ትመክሪኛለሽ?

መልስ፦ እህቴ፣ ለመቀየር አትቸኩዪ። የምትወጂው ሞገድና ልብሽ የቀረበት ማይክሮስኮፕ እኮ አንድ ትምህርት ናቸው።

በብርሃን የሚሠራ ማይክሮስኮፕ ከ200 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው) ገደማ በታች ሲሆን ነገሮችን መለየት ያቅተዋል። ሌንሱን ብታሻሽዪውም ያው ነው። የምናየው ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ስለሆነ ከዚያ በጣም ያነሰውን ያደበዝዘዋል። በ100 ቮልት የተገፋ ኤሌክትሮን ግን የሞገድ ርዝመቱ 0.12 ናኖሜትር ገደማ ብቻ ነው። ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ብርሃን የማይደርስበትን የሚያየው በዚህ ነው።

በ1981 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ሊቃውንቱ ቢኒግና ሮረር የሠሩት ስካኒንግ ተነሊንግ ማይክሮስኮፕ የሚባል መሣሪያ ደግሞ ጭራሽ ሌንስ የለውም። ሹል መርፌ የናሙናውን ገጽ ሳይነካ ይጠጋዋል፤ ኤሌክትሮኖች ክፍተቱን ይሻገራሉ፣ ይህም የኤሌክትሪክ ፍሰት (ከረንት) ይሆናል። መርፌው 0.1 ናኖሜትር ቢርቅ ከረንቱ ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ይወርዳል። በ1993 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች 48 የብረት አቶሞችን በመዳብ ገጽ ላይ በክብ ደርድረው፣ መሀሉ ላይ የኤሌክትሮኖቹን ቋሚ ሞገድ (ወደፊት ሳይጓዝ ባለበት የሚርገበገብ ሞገድ) በዚህ መሣሪያ አዩት። ምስሉን ፈልገሽ እዪው። በገመድ ላይ ስታሰዪው የኖርሽው ቋሚ ሞገድ ነው፣ ክብ ሆኖ።

ሥራ ቦታ ላይ ይበልጥ የሚያጋጥምሽ በ1986 እ.ኤ.አ. ብቅ ያለው አቶሚክ ፎርስ ማይክሮስኮፕ ይመስለኛል፤ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ነገርንም ይቃኛላ። በአንዱ አሠራሩ መርፌው ሬዞናንሱ (በተፈጥሮው በኃይል የሚርገበገብበት ድግግሞሽ) አካባቢ እየተርገበገበ ገጹን መታ መታ ያደርጋል። ጉብታ ሲያገኝ የርግብግቡ ስፋት ይቀንሳል፣ ፊድባኩ (ለውጡን አይቶ የሚያስተካክለው ሥርዓት) ወዲያው መርፌውን ያነሳዋል። በፈተና የፈታሽው ሬዞናንስ ማለት ነው።

እንግዲህ የሚጎድልሽ ምንድን ነው? ምስልን መጠርጠር። መሣሪያውን ማስነሳት በአጭር ጊዜ ይለመዳል። ምስሉ ሲዋሽ መያዝ ግን ፊዚክስ ይጠይቃል። ለምሳሌ ገጹ ላይ ያሉት ጉብታዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ቅርጽ ይዘው ወደ አንድ አቅጣጫ ቢያዩ ምን ታደርጊያለሽ? ናሙናውን 90 ዲግሪ አዙረሽ እንደገና ቃኚ። ቅርጹ አብሮ ካልዞረ፣ ያየሽው የደነዘዘውን መርፌ እንጂ ገጹን አይደለም። እኔ ቀጣሪ ብሆን መጀመሪያ የምጠይቅሽ ይህን ነው።

እንዲህ ዓይነት ሰው የሚፈልጉት የቺፕ ፋብሪካዎች፣ ባትሪና የገጽ ሽፋን የሚያጠኑ ላቦራቶሪዎች፣ መሣሪያዎቹን የሚያመርቱና የሚጠግኑ ድርጅቶች ናቸው። ማስታወቂያው ላይ "ፊዚክስ" የሚል ላታገኚ ትችያለሽ። "የገጽ ትንተና" ወይም "ሜትሮሎጂ" ይላል። ሁለተኛው የአየር ጠባይ እንዳይመስልሽ፣ የልኬት ሳይንስ ነው። አልደብቅሽም፣ ምርምሩን መምራት ከፈለግሽ ብዙ ጊዜ ማስተርስ ወይም ዶክትሬት ያስፈልጋል። መሣሪያ ማንቀሳቀስና መንከባከብ ላይ ግን በመጀመሪያ ዲግሪ መግባት ይቻላል።

ኮዱንም አትተዪው። ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ ተማሪ፣ ግን በዚሁ ሥራ ላይ። ግዊዲዮን የሚባል ነጻ ሶፍትዌር አለ፤ የእነዚህን ማይክሮስኮፖች ዳታ ይከፍታል። ማይክሮስኮፕ በእጅሽ ባይኖርም ከዛሬ ጀምሮ መለማመድ ትችያለሽ። ከምርጫ ኮርሶች ኤሌክትሮኒክስን ያዢ፣ የመመረቂያ ሥራሽንም እዚህ ላይ አድርጊው። አንድ ሴሚስተር ሞክረሽ ከገጹ ይልቅ ኮዱ ከሳበሽ፣ ያኔ ስለ መቀየሩ ቁጭ ብለን እናወራለን።