ቫይታሚን ዲ ከጾም ማዕድ ይገኛል? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ሙሉ በሙሉ ትቻለሁ። ቫይታሚን ዲ በብዛት ያለው የትኛው አትክልት ውስጥ ነው? ጎመን? አቮካዶ?

መልስ፦ የትኛውም ውስጥ የለም ብሎ መያዝ ይሻላል። ጎመን፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ጤፍ፣ አቮካዶ፣ ተልባ፣ ሰሊጥ ለዚህ ጉዳይ አይረዱም። "ከዕፅዋት የተገኘ" ተብሎ የሚሸጠውም ቢሆን እንደ እውነቱ ከዕፅዋት አይደለም። ቫይታሚኑ ዲ2 እና ዲ3 የሚባሉ ሁለት ዓይነቶች አሉት። ዲ2 የሚሠራው ከእርሾና ከእንጉዳይ ነው። በውስጣቸው ኤርጎስቴሮል የሚባል ነገር አለ፤ አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያርፍበት ወደ ዲ2 ይለወጣል። ከእንስሳት ያልተገኘው ዲ3 ደግሞ የሚወጣው ከሊከን ነው፤ በድንጋይና በዛፍ ቅርፊት ላይ ተለጥፎ የሚበቅለው፣ ፈንገስና አልጌ ተዳብለው የሚኖሩበት ማለት ነው።

ጎመኑን ግን አይተዉት። ካልሲየም ይሰጣል፤ ቫይታሚን ዲ ደግሞ ያንን ካልሲየም ከአንጀት ወደ ደም ያስገባል። አንዱ በሌላው አይተካም።

ጥያቄ፦ አንዱ ዕቃ ላይ 10 ማይክሮግራም፣ ሌላው ላይ 1000 አይዩ (IU፣ የቫይታሚን መለኪያ) ይላል። የቱ ይበልጣል? በቀን ስንት ይበቃል?

መልስ፦ 1 ማይክሮግራም 40 አይዩ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው 400 አይዩ ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ይበልጣል። በአሜሪካ የሚመከረው ዓመት ላልሞላው ሕፃን 400፣ ከ1 እስከ 70 ዓመት 600፣ ከዚያ በላይ 800 አይዩ ነው። በብሪታንያ ለአዋቂ 400 ነው። አዋቂ ሰው ሐኪም ካላዘዘለት በቀን ከ4000 አይዩ ማለፍ የለበትም።

ጥያቄ፦ እንጉዳይ ፀሐይ ላይ ቢሰጣ ቫይታሚን ዲ ይሠራል ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው ወይስ ወሬ?

መልስ፦ እውነት ነው፤ ከተቆረጠ በኋላም ይሠራል። ገበያ የሚመጣው እንጉዳይ አብዛኛውን ጊዜ ጨለማ ቤት ውስጥ የበቀለ ስለሆነ እንዳለ ቢበላ ከዲ አንፃር ምንም ማለት አይቻልም። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ 100 ግራም ያህል ትኩስ እንጉዳይ (ነጩ የተለመደው ወይም ኦይስተር) በቀጭኑ ይክተፉ። ክትፉን ሳይደራረብ በሰፌድ ወይም በትሪ ላይ ይዘርጉ። መክተፍ ካልፈለጉ ገልብጠው፣ ከሥር እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደረውን ጎን ወደ ላይ አድርገው ያስቀምጡ። ከረፋዱ 4 እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ከ15 ደቂቃ እስከ 2 ሰዓት ቀጥታ ፀሐይ ይምታው። ብዙ ጊዜ ከ400 አይዩ በላይ ያገኛሉ፤ ልኩ ግን እንደ ፀሐዩና እንደ አከታተፉ ይለያያል።

የሚበላሸው የት ነው? አንደኛ፣ ከመስኮት ጀርባ ማስቀመጥ። ቫይታሚን የሚሠራውን ጨረር መስታወት ያስቀረዋል፤ እንጉዳዩ ይሞቃል እንጂ ዲ አይሠራም። ሁለተኛ፣ እንደ ድርቆሽ ለቀናት መተው። ከተወሰነ ሰዓት በኋላ ጨረሩ የሠራውን መልሶ ማፍረስ ይጀምራል። ከፀሐይ ያነሱትን ማቀዝቀዣ ውስጥ አኑረው በሳምንት ውስጥ ይጨርሱት። ሲሠሩት በጥቂት ዘይት ቢያቁላሉት ጥሩ ነው፤ ቫይታሚኑ ከቅባት ጋር ነው የሚዋጠው፤ እሳቱም የሚቀንሰው ጥቂቱን ነው። ከጫካ የለቀሙትን ግን አይሞክሩ። የጅብ ጥላን መርዝ ፀሐይም እሳትም አያወጣውም።

ጥያቄ፦ ዲ2 ከዲ3 ያንሳል ይባላል።

መልስ፦ በደም ውስጥ ያለውን መጠን ከፍ አድርጎ በማቆየት ዲ3 ይበልጣል። ሁለቱም ግን ጉበት ውስጥ ከዚያም ኩላሊት ውስጥ ተለውጠው ያንኑ ሥራ ይሠራሉ፤ ዲ2 በየቀኑ ከተወሰደ ያገለግላል። አሜሪካ ውስጥ ሐኪም የሚያዘው ባለ 50,000 አይዩ እንክብል ብዙውን ጊዜ ዲ2 ነው፤ እሱ በሳምንት አንዴ፣ በተለምዶ ለ8 ሳምንት የሚወሰድ ነው። በየቀኑ ነው ብለው የሚወስዱ ሰዎች አሉ፤ አደገኛ ስሕተት ነው። የደም ምርመራ ሲያደርጉ "ጠቅላላ 25-ሃይድሮክሲ ቫይታሚን ዲ" (ዲ2ንም ዲ3ንም አንድ ላይ የሚለካው) ይበሉ፤ ዲ2 እንደሚወስዱም ለላቦራቶሪው ይንገሩ፤ አንዳንድ የምርመራ ዘዴ ዲ2ን አሳንሶ ያነባል። በሚሊሊትር 20 ናኖግራምና ከዚያ በላይ ለአብዛኛው ሰው በቂ ነው፤ ከ12 በታች እጥረት ነው። ወረቀቱ ላይ "ናኖሞል" ከተጻፈ ቁጥሩን ለ2.5 ያካፍሉ።

ጥያቄ፦ ስዊድን ነው የምኖረው። የሁለት ወር ልጅ አለኝ፣ ጡት ብቻ ነው የምታገኘው። እኔ በደንብ ከበላሁ አይበቃትም?

መልስ፦ አይበቃትም፣ እህቴ። የጡት ወተት ለሌላው ከሞላ ጎደል ምሉዕ ቢሆንም ቫይታሚን ዲ እምብዛም የለውም። እዚያ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ፀሐዩ ዝቅ ስለሚል ቆዳ ዲ መሥራት አይችልም፤ ለጥቁር ቆዳ ደግሞ በበጋውም ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። እስከ 2 ዓመት በየቀኑ 400 አይዩ ጠብታ ይሰጣታል። አደራ የምልሽ አንድ ነገር አለ። በስዊድን የሚሰጠው 5 ጠብታ 400 አይዩ ነው። ዘመድ ከአሜሪካ የሚልከው አንዳንዱ ጠብታ ግን አንዷ ብቻ 400 ናት። ከዚያ 5 ብታንጠባጥቢ 2000 ይሆናል፤ ለሁለት ወር ሕፃን ጣሪያው 1000 ነው። ጠርሙሱን በቀየርሽ ቁጥር ጽሑፉን አንብቢ።

ጥያቄ፦ የ13 ወር ፀሐይ ያለው አገር ልጅ በሪኬትስ (አጥንት በሚያለሰልሰው የልጆች በሽታ) እግሩ የሚጎብጠው ለምንድን ነው ታዲያ?

መልስ፦ ፀሐይ መኖሩና ቆዳን መንካቱ ለየቅል ነው። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2300 ሜትር በላይ ነው፣ ለምድር ወገብም ቅርብ ናት፤ ጨረሩ ዓመቱን ሙሉ አለ። ልጁ ግን "ቡዳ ይበላዋል፣ ብርድ ይመታዋል" ተብሎ ተሸፋፍኖ ቤት ውስጥ ከከረመ የሚደርሰው የለም። ቤይሩትና ሪያድ የሰው ቤት ውስጥ ውለው የሚያድሩ እህቶችም እንደዚያው ናቸው፤ ውጭ እሳት የሆነ ፀሐይ እያለ ውስጥ እጥረት ይኖራል። ቀላል መለኪያ፦ ጥላዎ ከቁመትዎ ከረዘመ ቆዳዎ የሚሠራው ዲ ትንሽ ነው።

ጥያቄ፦ እንክብሉ ጾም ያስገድፋል?

መልስ፦ ይዘቱን ልንገርዎ፣ ፍርዱ የንስሐ አባትዎ ነው። ተራው ዲ3 የሚሠራው ከበግ ፀጉር ቅባት ነው፤ ልባሱም ብዙ ጊዜ ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የሚወጣ ጄላቲን ነው። ዲ2 ወይም ከሊከን የተሠራ ዲ3፣ በፈሳሽ ወይም ጄላቲን በሌለው ልባስ፣ ከዚህ ነፃ ነው።

ጥያቄ፦ ካንሰርና የልብ በሽታ ይከላከላል የሚሉትስ?

መልስ፦ አሜሪካ ውስጥ 25,871 ሰዎች ለአምስት ዓመት ያህል የተከታተለ ትልቅ ጥናት ውጤቱ በ2018 ወጥቷል። በቀን 2000 አይዩ የወሰዱት ሰዎች በካንሰርም በልብ በሽታም የመያዝ ዕድላቸው አልቀነሰም። እጥረት ያለበትን ሰው ማከም ሌላ ነገር ነው፤ እሱ አጥንትንና ጡንቻን ያድናል።

ጥያቄ፦ የቲቢ መድኃኒት ላይ ነኝ፣ ለውጥ አለው?

መልስ፦ አለው። ሪፋምፒሲን ቫይታሚን ዲ በጉበት ቶሎ እንዲፈርስ ያደርጋል፤ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ፌኒቶይንና ፌኖባርቢታልም እንዲሁ። መጠኑን ለሐኪምዎ ይተዉት። በራስዎ አይጨምሩ፤ ሲበዛ ካልሲየም ከመጠን በላይ ከፍ ይልና ጥማት፣ ማስመለስ፣ ድርቀትና የኩላሊት ጠጠር ያመጣል።

ጥያቄ፦ ዲ የተጨመረበት የአኩሪ አተር ወተት ገዛሁ። ይበቃኛል?

መልስ፦ አንድ ብርጭቆ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 120 አይዩ ነው፤ ብቻውን አይበቃም። ከመቅዳትዎ በፊት በደንብ ይናጡት፤ የተጨመረው ካልሲየም ሥሩ ይዘቅጥና የመጨረሻውን ብርጭቆ የሚጠጣው ሰው ሁሉንም ይወስደዋል።