ቁስሉ ድኖ እጄ ለምን ያቃጥለኛል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እህቴ። ዕድሜዬ 34 ነው። ብረታ ብረት ቤት ነው የምሠራው፣ ይቅርታ፣ እሠራ ነበር። ከ14 ወር በፊት ግራይንደር የቀኝ እጄን አንጓ በውስጥ በኩል ቆረጠኝ። ተሰፋ፣ በወሩ ደረቀ። ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አውራ ጣቴ፣ ጠቋሚውና የመሃል ጣቴ ደንዝዘዋል፣ ደንዝዘውም ግን እንደ ሳማ ይለበልቡኛል። ብርድ ልብስ ሲነካኝ እዘላለሁ። ሌሊት ደግሞ ይብሳል። ዲክሎፌናክ ስውጥ ከረምኩ፣ ትርፉ ጨጓራ ነው። ባለቤቴ መጀመሪያ ታዝንልኝ ነበር፣ አሁን «ቁስሉ እኮ ድኗል» ትለኛለች። ልጆቼ ላይ መጮህ አብዝቻለሁ። አንዳንዴማ ይሄን እጅ ቆርጠው በጣሉልኝ እላለሁ። እውነት ችግሩ ጭንቅላቴ ነው?
(ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጭንቅላትህ አይደለም። እጁንም አታስቆርጥ፤ ለምን እንደሆነ ከታች ያለውን የአንዲት እህት ጥያቄ ስታነብ ይገባሃል።

ቆዳና ነርቭ አንድ ላይ አይድኑም። የተበጠሰ የመብራት ገመድ ጫፉ ላይ ብልጭ ብልጭ እንደሚል ሁሉ፣ የተጎዳ ነርቭም ማንም ሳይነካው ለአንጎል «ተቃጠልኩ» እያለ መልእክት ይልካል። ይህ ወራት ሲቆይ አከርካሪ ውስጥ ያለው መስመርም ቁጡ ይሆናል፣ የብርድ ልብስ ንክኪም እንደ ምላጭ ይሰማል። አንተ ብቻ አይደለህም። ሲላስ ዊር ሚቼል የሚባል ሐኪም በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ (ከ1861 እስከ 1865 እ.ኤ.አ.) ነርቫቸው የተመታ ወታደሮችን ፊላደልፊያ ውስጥ ያክም ነበር። ቁስላቸው ተዘግቷል፣ እጃቸው ግን ስለሚነድባቸው ቀን ከሌት በእርጥብ ጨርቅ ይጠቀልሉታል። በደረቅ ጫማ መራመዱ ራሱ የእጃቸውን ሕመም ስለሚያነሳባቸው፣ ጫማቸው ውስጥ ውኃ የሚያፈሱም ነበሩ።

አሁን ወደ አንተ። አንድ ነገር በደብዳቤህ አልነገርከኝም፤ በዚያን ቀን የተሰፋው ቆዳው ብቻ ነው ወይስ ነርቩም? ካላወቅህ ወረቀትህን ፈልግ፣ ወይም ያከመህን ጠይቅ። ነርቭ በቀን በግምት 1 ሚሊሜትር ነው የሚያድገው፣ ከአንጓ እስከ ጣት ጫፍ ደግሞ 18 ሴንቲሜትር አካባቢ ስለሆነ፣ ተያይዞ ቢሆን ኖሮ በ14 ወር የሆነ ስሜት ወደ ጣቶችህ መመለስ ነበረበት። ጠባሳውን በጣትህ ጫፍ ቀስ ብለህ አንኳኳው። ኤሌክትሪክ እንደያዘህ ወደ ጣቶችህ የሚሮጥ ነገር አለ? አውራ ጣትህ ሥር ያለው ሥጋስ ከግራው እጅህ ሲነጻጸር ጎድጉዷል? መልሱ አዎ ከሆነ ቀዶ ሐኪም፣ በተለይ የእጅ ወይም የፕላስቲክ ሰርጀሪ ሐኪም ዘንድ ሂድ። «ከበዓል በኋላ» አትበል። ነርቭ ሳያገኝ የቆየ ጡንቻ እየከሰመ ይሄዳል፣ ከዓመት በላይ ሲሆን ደግሞ መመለሱ ይከብዳል።

እዚያ ስትደርስ «አመመኝ» ብቻ ብለህ አትመለስ። አማርኛችን ለነርቭ ሕመም የታደለ ነው። ያቃጥላል፣ ይለበልባል፣ ይነዝራል፣ ይጠቀጥቃል፣ ጉንዳን እንደሄደበት ይወረኛል፣ በረዶ እንደጨበጥኩ ይቆረጥመኛል፣ ይደነዝዛል። ዲኤን4 የሚባል 10 ነጥብ ያለው መጠይቅ አለ፣ አብዛኛው የሚጠይቀው እነዚህኑ ቃላት ነው። 4 እና ከዚያ በላይ ከተገኘ ሐኪሙ የነርቭ ሕመም ነው ብሎ ይጠረጥራል። የአንተን ቃላት ወረቀት ላይ ጽፈህ ሂድ።

መድኃኒትን በተመለከተ ዲክሎፌናኩን ተወው። ለእብጠት እንጂ ለነርቭ እምብዛም አይረዳም፣ ሲቆይ ጨጓራንም ኩላሊትንም ይጎዳል። ለነርቭ የሚታዘዙት አሚትሪፕቲሊን፣ ጋባፔንቲን፣ ፕሪጋባሊን፣ ዱሎክሰቲን ናቸው። አሚትሪፕቲሊንን ሰጥተውህ ፋርማሲው «ይሄ የድብርት መድኃኒት ነው» ቢልህ አትደንግጥ፤ እውነት ነው፣ ግን በትንሽ መጠን፣ ብዙ ጊዜ ማታ ከ10 ወይም ከ25 ሚሊግራም ጀምሮ፣ የነርቭን ጩኸት ያበርዳል፣ እንቅልፍም ይሰጣል። አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ጠዋት ያደነዝዛል። የልብ ምት ችግር ወይም ግላኮማ (የዓይን ግፊት ሕመም) ካለብህ ለሐኪሙ ተናገር። በሦስተኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብለህ እንዳትጥለው፣ ሳምንታት ይፈልጋል። ጋባፔንቲንንም በአንድ ቀን አታቋርጥ። ትራማዶል የሚባለውን ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ግን ከጓደኛ ተቀብለህ እንዳትውጥ አደራ፣ ሱስ ያስይዛል፣ ከአሚትሪፕቲሊን ጋር ሲገናኝም አደገኛ ነው። ያ ሁሉም ሰው የሚወጋው የቫይታሚን ቢ መርፌስ? ቢ12 ካነሰህ ይጠቅማል፣ ካላነሰህ ብዙ አትጠብቅ። እንዲያውም ቢ6 በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ራሱ ነርቭ ይጎዳል።

ቤት ውስጥ የምትሠራው ደግሞ አለ፣ እኔ ፊዚዮቴራፒስት ስለሆንኩ እዚህ ላይ ትንሽ ብዘበዝብ ቻለኝ። እጁን ደብቀህ በያዝከው ቁጥር አንጎልህ ይበልጥ ይፈራዋል። ስለዚህ አለማምደው። በጥጥ ጀምር፣ ከጤነኛው ቆዳ ተነስተህ ወደሚያመው ተጠጋ። ሲለምድ ነጠላ፣ ቀጥሎ ፎጣ። ከዚያ ጎድጓዳ ሳህን ላይ ጤፍ አድርግና ጣቶችህን ቀብረህ ቀስ እያልክ አመላልስ። 5 ደቂቃ፣ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ። ጤፉን ከቻልክ ወደ ሩዝ፣ ከዚያ ወደ ባቄላ እለፍ። መለብለቡ ትንሽ ቢነሳ ችግር የለውም፣ እስከ ማታ የሚያሰቃይህ ከሆነ ግን አብዝተሃል ማለት ነው።

ሙቀት ላይ ግን ተጠንቀቅ። የደነዘዘ ጣት አያስጠነቅቅም። አንድ ታካሚዬ ትኩስ ሻይ ብርጭቆ ይዞ ሲጫወት ጣቱ ውኃ መቋጠሩን ያየው ሚስቱ ስትጮህ ነው። የውኃ ሙቀት በግራ እጅህ ለካ፣ ድስትም በጨርቅ ያዝ። ወጌሻ ጋ ሄደህ ጠባሳው እንዲታሽና እንዲሳብ አልመክርህም። ጠበል ከሄድክ መድኃኒቱን ሳታቋርጥ ሂድ፤ ቀዝቃዛ ውኃ የሚቀሰቅስብህ ከሆነም እጅህን በላስቲክ ሸፍነው።

ሰላምታስ? ለቅሶ ቤት ገብቶ ሠላሳ ሰው መጨበጥ ለአንተ ምን እንደሆነ ይገባኛል። እጁ የረጠበ ሰው እንደሚያደርገው ክንድህን ስጣቸው፣ ማንም አይቀየምህም። ምሳ ላይ ሚጥሚጣው ካቃጠለህ በማንኪያ ብላ፣ ሲስቁብህም አብረህ ሳቅ።

ደህና የሆንክበት ቀን ደግሞ ወጥመድ ነው። «ዛሬስ ተሽሎኛል» ብለህ ግማሽ ቀን ትሠራና ሦስት ቀን ትተኛለህ። በሰዓት ሥራ፦ 20 ደቂቃ ሠርተህ፣ ሕመሙ ባይነሳም፣ እረፍ። ዜሮ ሕመም ላይ ግን አትንጠልጠል። መድኃኒቱ ግማሹን ቢቀንስልህ ጥሩ ነው የምንለው እኛ፣ የቀረው ቦታ በእንቅልፍና በሥራ ይሞላል።

ባለቤትህን ወደ ሐኪሙ ይዘሃት ሂድ፤ ከሐኪሙ አፍ ስትሰማው ሌላ ነው። ቤትም ስትሆን «ከጠዋት ጀምሮ እየነዘረኝ ነው፣ ቡናው ላይ ዝም ካልኩ ተቆጥቼ አይደለም» በላት። ልጆቹንም «አባዬ እጁን ሲያመው ይጮሃል፣ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም» ብለህ ንገራቸው፣ ይገባቸዋል። «መሞት ይሻለኛል» የሚል ሐሳብ ከመጣብህ ግን ያንኑ ቀን ለሐኪምና አጠገብህ ላለ ሰው ንገር። ከሕመሙ ጋር አብሮ የሚመጣ ነገር ነው፣ አብሮም ይታከማል።

ጥያቄ፦ እናቴ በመኪና አደጋ እግሯ ከጉልበት በታች ተቆርጧል። አሁን የሌለው እግሯ ጣቶች ያሳክኳታል፣ ሌሊት ይጨመድዳታል። ጎረቤቶች መንፈስ ነው አሉ።
(ከሐዋሳ)

መልስ፦ እህቴ፣ መንፈስ አይደለም። አንጎል ውስጥ የእግሩ ሥፍራ እንዳለ ነው፣ ስለዚህ እግሩ ሄዶም ሕመሙ ይቀራል። የተቆረጠው ጫፍ ላይ ቁስል፣ እብጠት፣ ወይም ሲነካ የሚነዝር ቋጠሮ እንዳለ ሐኪም ይይላቸው። ከላይ የጠቀስኳቸው መድኃኒቶችም ይሞከራሉ። ሌላው በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ራማቻንድራን የሚባል ሐኪም ያስተዋወቀው የመስታወት ልምምድ ነው። ረጅም መስታወት በሁለቱ እግሮች መሃል በቁመቱ አቁሚላቸው፣ ፊቱ ወደ ጤነኛው እግር ይሁን። ጤነኛውን እያንቀሳቀሱ መስታወቱን ይመልከቱ፣ የተጨማደዱትን ጣቶች ሲፈቱ ያያሉ። በቀን 15 ደቂቃ በቂ ነው። ሁሉንም ሰው አይረዳም፣ የሚረዳቸው ግን አሉ። በመጀመሪያው ቀን እግራቸውን አይተው ሊያለቅሱ ይችላሉ፤ መስታወቱን አንሺና ቡና አፍይላቸው፣ ነገ ትቀጥላላችሁ።