ቤት ስትለቅ ያስያዝከው ብር እንዳይቀርብህ

ወንድሜ፣ «ከምኖርበት አገር ልወጣ ነው፤ አፓርታማውን ስለቅ አከራዩ ዲፖዚቴን ባይመልስልኝስ?» ላልከው፦ መጀመሪያ ውልህን አውጥተህ አንብብ። ከስንት ቀን በፊት ማሳወቅ እንዳለብህ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ላይ ይጻፋል። በቃል ብቻ አትንገረው፤ ቀን ጽፈህበት በኢሜይል ላክለት።

ከሁሉ በላይ ግን ዕቃህን ካወጣህ በኋላ ባዶውን ቤት ክፍል በክፍል በቪዲዮ ቅረጸው። የምድጃውን ውስጥ፣ የፍሪጁን ላስቲክ፣ የሻወሩን ጥጋጥግ ሳይቀር። እኔ ከበሩ ጀርባ ላለች አንዲት ጭረት ከፍያለሁ። ስገባም ነበረች፤ ማስረጃ ግን አልነበረኝም። እስካሁን ያንገበግበኛል።

የመብራትና የውሃ ቆጣሪውንም ፎቶ አንሳ። ቁልፉን ስታስረክብ አስፈርም። የባንክ ሒሳብህን ደግሞ ገንዘቡ ሳይገባልህ እንዳትዘጋው፣ አደራ።